ውዳሴ «እስኪያባራ»

«የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ለአገራችን ያወጡላት፣ የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ብልህ ሰው ነበሩ፤ መፈክሩም ለብዙ ፈረንጅ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አስገዝቷል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ አሶሳን ሳያማክር ወጣ። ብትጠየቅ ኖሮ ከአሥራ ሦስቱ ወራት ግማሽ ያህሉን በትሕትና ትመልስ ነበር። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ምዕራቡን አገር ቀድሞ ያርሰዋል፣ ዘግይቶ ይለቀዋል። ስለዚህ እዚህ ዝናቡ ግንቦት ላይ ይገባና፣ ሌላው አገር ደመራውን ለኩሶ፣ አመዱ በርዶ፣ ጤፉ ማሸት ሲጀምር እንኳ ገና ስንብቱን እያሰማመረ ነው።

እኔ ግን ዝናቡን ለማማት አልተነሣሁም። የተነሣሁት ዝናቡ ሊያልቅ ሲል አብሮት ሊያልቅ የሚያሰጋውን አንድ ታላቅ ሥራ ለማወደስ ነው፤ በረንዳ ላይ ቆሞ «እስኪያባራ» መጠበቅን። ሥራ ወዳድ ሰዎች ይህን ጊዜ ማባከን ይሉታል። እነዚህ ሰዎች ጃንጥላ አላቸው። ከባለ ጃንጥላ ጋር ደግሞ ክርክር አይገጠምም፤ ነገሩ ሳያልቅ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ክረምቱ መቼ እንደሚወጣ እንስማማ። በአበው ስሌት ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል፤ በማግስቱ መፀው ይባላል። ሬዲዮኑ ግን እስከዚያ የሚቆይ ትዕግሥት የለውም። መስከረም 1 ማለዳ ክረምቱ መውጣቱን፣ ሰማዩ መጥራቱን፣ ሜዳው አደይ መልበሱን ያበስራል። የአሶሳ አድማጭ ይህን ብሥራት ለመስማት ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዶፍ አላሰማ ስለሚለው። ከዚያ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ሱሪውን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ኩሬ እየዘለለ «እንኳን ከጨለማው ወደ ብርሃን አሸጋገራችሁ» ሊል ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ጎረቤትም «እንኳን አብሮ አሸጋገረን» ይልና ጠፈጠፍ እንዳይመታው እጁን ይዞ ወደ ውስጥ ይስበዋል። አንዳቸውም አይስቁም። ዝናብ ውስጥ ቆሞ የዝናብን ማለፍ ማብሰር ከባድ ዲሲፕሊን ይጠይቃል።

ጳጉሜንም የራሷ ሊቅነት አላት። በ3ኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነውና ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይታጠቡበታል፤ ያሳድጋል ይባላል። ካርድ አይወጣበትም፣ ወረፋ የለውም፣ መድኃኒቱ አልቋል አይባልም። ውጤቱን የሚጠራጠር ሰው ዓይኑን ይክፈት፤ ዝናቡ የሚመታቸው ልጆች በየዓመቱ ያድጋሉ፤ ደረቅ ቦታ ቆመን የምናያቸው እኛ ማደግ ካቆምን ስንት ዘመናችን።

ወደ በረንዳው። ዶፉ ሲወርድ የአሶሳ ዋና መንገድ ከመቅጽበት ባዶ ይሆንና በየሱቁ ደጅ አንዳንድ ጉባኤ ይሰየማል። አባላቱን የሚመርጠው ዝናቡ ስለሆነ ጥቆማም ኮታም የለም። ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ ራሱን ለዝናብ የሰጠ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። (ትክክል ነው፤ ራስ ቢበሰብስ ይደርቃል፣ ማኅተም ከለቀቀ ግን ማን ይመልሰዋል?) ባሚያዋን በቅርጫት ይዛ ወደ ገበያ ስትወርድ የተያዘች የበርታ ሴት አለች። ሸራውን አውርዶ ባጃጁ ውስጥ መተኛት ሲችል ወሬ እንዳያመልጠው የወጣ ሾፌር አለ። በቆሎ ጠባሿ ከሰሏን በሁለት እጇ ይዛ ስትገባ ምልዓተ ጉባኤው ሞላ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ዝናቡ ቢያባራም የሚቸኩል የለም፣ በቆሎው አልደረሰማ።

ሰማዩ በበርታኛ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ አንዳንዴም በዐረብኛ ይታማል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልላችን በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የሚባሉ አምስት ነባር ብሔረሰቦች አሉት፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ የኖረውም ብዙ ነው። እነዚህን ሰዎች አንድ ቦታ አቁሞ ለማነጋገር አዳራሽ፣ ባነር፣ የታሸገ ውሃና አበል ያስፈልጋል ሲባል ኖሯል። በረንዳው ይህንኑ ያለ አበል ይሠራዋል፤ ተሰብሳቢው የራሱን በቆሎ በራሱ ገንዘብ ይገዛል። ይህን የምጽፈው በስጋት ነው። የሚመለከተው አካል አንብቦት በረንዳው ላይ ባነር ከሰቀለበት ጠፋን።

በሌላው አገር ዓመቱን ሙሉ ውሸት የሆነው «መንገድ ላይ ነኝ» የሚባለው የስልክ መልስም እዚህ እውነት ይሆናል። ስምንት ሰዓት ለተጠራ ስብሰባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደወልለት ሠራተኛው በረንዳው ላይ ቆሞ መንገድ ላይ ነኝ ይላል፤ በእርግጥም መንገድ ላይ ነው፣ መንገዱን እያየው ነው። ደዋዩም አይቆጣም። ራሱ ሌላ በረንዳ ላይ ነው።

ያላወቀ ሰው ከበረንዳ ይልቅ ማንጎ ሥር ይጠለላል። የአሶሳ ግቢዎች ማንጎ አያጡም፤ ፍሬው ግን ክረምቱ ሳይበረታ ያልቅና በነሐሴ የሚቀረው ቅጠሉ ነው። ዛፉ ያጠራቀመውን ውሃ የሚለቀው ዝናቡ ካባራ በኋላ ስለሆነ፣ ማንጎ ሥር የቆመ ሰው ከተማው ሁሉ ወደ ሥራው ሲበተን ለብቻው ይዘንብበታል። ይህን ጉዳት የሚሉ አሉ። እኔ የትርፍ ሰዓት እለዋለሁ።

መጠበቅን ለሚንቁ ሰዎች ሽመልን፣ የቆላውን ቀርከሃ፣ እንዲያዩ እመክራለሁ። የአገራችን ቀርከሃ በአብዛኛው ይኸው የቆላው ዓይነት ሲሆን፣ ትልቁ ድርሻውም ያለው በዚህ ክልል ነው። በርታውም ጉሙዙም ቡቃያውን በክረምት፣ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ቆርጦ ቀቅሎ ይበላዋል፤ ሌላው ኢትዮጵያዊ ወንበር እስኪሆን ጠብቆ ይቀመጥበታል። ከሁለቱ ማን እንደ ተጠቀመ አልፈርድም። ከመቆረጥ ያመለጠው ቡቃያ ግን ቁመቱን በአንድ ክረምት፣ እኛ በረንዳ ላይ ሳለን፣ ይጨርስና ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ጣት አይጨምርም። አሥርት ዓመታት ያለ አበባ ኖሮ አንድ ቀን ደግሞ ጫካው በሙሉ አንድ ላይ ያብባል፤ አብቦም ይደርቃል። የበርታዎቹ የትንፋሽ ሙዚቃ፣ ዙምባራ፣ ከዚህ ይሻላል። እያንዳንዱ ነፊ ያለችው አንዲት ድምፅ ናት፤ ተራው እስኪደርስ ጠብቆ፣ ያቺኑ ነፍቶ፣ እንደገና ይጠብቃል። ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ጥበቃ ነው። ከመካከላቸው አንድ ሥራ ወዳድ ተነሥቶ ሁሉንም ልንፋ ቢል ጭፈራው ያን ጊዜ ያበቃል።

ከጉባኤተኞቹ ሁሉ ግን እኔ የማከብራቸው ከአምባ 14 የሚመጡትን አባት ነው። የመንደራቸው ስም ይኸው ነው፤ ጎረቤቶቹም መገሌ 33፣ ሰልጋ 24 እየተባሉ ይጠራሉ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ብዙ ሺህ ሰው ከወሎ አንሥቶ አሶሳ ዙሪያ አሰፈረ። ሄዱ ይባላል፤ ብዙዎቹ ግን የሄዱ ሳይሆኑ የተጫኑ ናቸው። የሰፈራው ዕቅድ ሁሉን ነገር አስቦ ለመንደሮቹ ስም ማውጣት ብቻ ቀረው፤ ዝናቡ እስኪያባራ ተብሎ ለጊዜው ቁጥር ተሰጣቸው መሰለኝ። ዝናቡ አላባራም። ሰዎቹም ቁጥሮቹን እንደ ርስት ይዘው ለልጅ ልጅ አወረሷቸው፤ ዛሬ አንድ ወጣት አገርህ የት ነው ሲባል በኩራት ቁጥር ይናገራል።

እኚህ አባት ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ፣ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ ያስደግፋሉ፣ አንገት ልብሳቸውን ይጨምቃሉ። ሁላችንም ስናማርር እሳቸው ዝም ይላሉ። አንድ ቀን ባለ ፋይሉ ሰውዬ ትዕግሥቱ አልቆ ሰማዩን ተቆጣ፦

«ይሄ ዝናብ ምን አድርጉ ነው የሚለን? መስከረም ገባ እኮ!»

«አብሽር ልጄ» አሉት። «ይዝነብ። ያልዘነበ ጊዜ አይተናል።»

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አላማረረም። ጃንጥላ ይዞ የሚያልፍ አንድ ሰውም፣ ምን እንደሰማ እንጃ፣ ወደ በረንዳው ወጥቶ አጠፈው።

መጠበቅ ያልቻሉ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ታሪክ መዝግቧል። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ በ1820 እ.ኤ.አ. ወደ ሱዳን ጦር ሲያዘምት ካማለሉት ነገሮች አንዱ የዚህ አካባቢ ወርቅ ነበር። ልጁ ኢስማኤል እስከ ቤኒሻንጉል ዘልቆ ወርቁን እንደተወራው ሆኖ አላገኘውም። አባትየው አላመኑም፤ ወደ ሰባ ዓመት ሲጠጉ፣ በ1838 መጨረሻ፣ ራሳቸው ተነሥተው እስከ ሱዳኗ ፋዞግሊ መጡ። በማግስቱ ዓመት መጋቢት ካይሮ ተመልሰዋል። ቀኑን ልብ በሉ፤ እዚህ ዝናብ ሳይጀምር ነው የሄዱት። ወርቅ ውሃ ካላገኘ አይታጠብም፤ ይህን አንድ ክረምት በረንዳ ላይ ያሳለፈ ማንም ሰው ይነግራቸው ነበር። ግን አንድ ክረምት አልቆዩም፤ ሥራ ነበረባቸው።

መጠበቅን ወደ ብሔራዊ ክብር ከፍ ያደረገው የኛው ዘመን ነው። እኛ ስናየው የዋለው ውሃ ከፊሉ በዳቡስ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ ዓባይም በዚሁ ክልል ጉባ ላይ ግድብ ያገኘዋል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲያኮበኩብ፣ ተመረቀ። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ተርባይኖቹ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ። የሠራተኛው ላብና የሕዝቡ ቦንድ እንዳለ ሆኖ፣ ሥራው በአጭሩ ዝናብን ይዞ መቀመጥ ነው። በክረምት የመጣውን ውሃ ወዴት ትሮጣለህ ብሎ ያስቆመዋል፣ ያስተኛዋል፣ በልኩ ይለቀዋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቦታ ተኝቶ ሲውል ሥራ ፈት ያለው የለም፤ እንዲያውም ተጨበጨበለት። በረንዳ ላይ የቆመ አንድ ሰው ግን ሰዓቱን እንዲፈርም ይጠየቃል። በመጠን ካልሆነ በቀር በሁለቱ መካከል የመርሕ ልዩነት አላገኘሁም፤ መሐንዲሶች ካገኙ ይንገሩኝ፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አድራሻዬ አይጠፋም።

ከጥቅምት በኋላ ያለው ነገር ግን ያሳስበኝ ነበር። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ሰው ከቢሮ ቢሮ ያለ ምክንያት በሰዓቱ መድረስ ይጀምራል። ባለ ፋይሉ በቀጥታ መዝገብ ቤት ይገባል፤ ሴትዮዋ ባሚያዋን በማለዳ ሸጣ ትመለሳለች፤ ባጃጁ ሸራውን ጠቅልሎ ይከንፋል። እንዲህ ሆነን ስንት ወር እንዘልቃለን? ጥያቄውን ያነሣው ሾፌሩ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ካፊያዎች በሚወርዱበት አንድ ከሰዓት፣ ጥብስ በቆሎውን እየፈለፈለ፦

«አባባ፣ ዝናቡ ሲያበቃ የት እንገናኛለን?»

የአምባ 14ቱ አባት ጥያቄው ገርሟቸው አዩት።

«እዚሁ ነዋ! ከዚያማ ፀሐዩ በረድ እስኪል ነው።»

ሠራተኛው ወዲያው ፋይሉን ከፌስታሉ አውጥቶ በጀርባው ላይ አሰላው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ፀሐዩ በረድ እስኪል፣ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናቡ እስኪያባራ። በመካከሉ ጥቂት ቀናት ይተርፋሉ፤ እነሱም በዓል ላይ ውለዋል።