ልጁ ያውቀዋል

በደብረ ታቦርና ከጉና ተራራ ሥር እስከ ፎገራ ሜዳ ባሉት ከተሞች በበይነመረብ ማር የሚሸጥ ነጋዴ፣ ድረ ገጹ ስለምን እንደማይከፈት ሲጠየቅ «ልጁ ያውቀዋል» ብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ልጁ የተባለው ድረ ገጹን የሠራው ወጣት ነው፤ ዶሜይኑ፣ ማለትም ገዥው ድረ ገጹን ለመክፈት የሚጽፈው አድራሻ፣ በወጣቱ ስም ተመዝግቧል፤ ሆስቲንጉ፣ ማለትም የድረ ገጹ ፋይሎች የሚቀመጡበት የኪራይ ኮምፒውተር፣ በወጣቱ ኢሜይል ተከፍቷል፤ የይለፍ ቃሉም በወጣቱ ስልክ ውስጥ ነው። የነጋዴው ድርሻ አድራሻውን በማር ዕቃው ላይ ማሳተም ብቻ ነው። የዚህ ሥርዓት በረከት እስካሁን በወጉ ባለመጻፉ በአጭሩ ሊዘረዘር ይገባዋል።

የመጀመሪያው በረከት የአእምሮ ዕረፍት ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገቡ የማይለይ፣ የገንዘብ መሳቢያውን ለወንድሙ እንኳ የማያምን ነጋዴ፣ የንግድ ስሙን የአባቱን ስም በቅጡ ለማያውቀው ልጅ አስረክቦ በሰላም ይተኛል። ሁለተኛው ቁጠባ ነው። የውጭ ሆስቲንግ ኪራይ የሚከፈለው በዶላር በመሆኑና ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በብር ሲተመን ከእጥፍ በላይ በመድረሱ፣ የክፍያ ማስታወሻው ወደ ልጁ ኢሜይል ብቻ መሄዱ ባለቤቱን ከድንጋጤ ያድነዋል። ሦስተኛው ጽናት ነው፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሌላው ሲያማርር፣ ድረ ገጹ ቀድሞ የተዘጋበት ነጋዴ ምንም አልጎደለበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው በረከት ግን ማኅበራዊ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ገብቶ ስልክ ቁጥሩን ሲቀይር፣ ክፍያው ያልታደሰ ዶሜይን ጥቂት ይታገሣል፤ በዶት ኮም ለሚያልቁ አድራሻዎች ቀጥሎ ቅጣት ተከፍሎ ስሙ የሚመለስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ስሙ ተሰርዞ ለፈለገው ሁሉ ይለቀቃል። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ልጁ በመሆኑ የምዝገባ ድርጅቱ ነጋዴውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ሽማግሌ መላክ ግድ ይሆናል። ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ልጁ አባት ቤት ይዘልቃሉ፤ እንዲቀመጡ ሲለመኑ ጉዳያቸው ሳይሰማ እንደማይቀመጡ ይናገራሉ፤ ጉሮሯቸውንም ጠርገው የመጡት ለይለፍ ቃል መሆኑን ያስረዳሉ። አባትየው ዘመድ ሳያማክር ቃል እንደማይሰጥ ገልጾ ለሁለት ሳምንት ይቀጥራቸዋል። አርቆ አሳቢ ነጋዴ ይህን ድካም የሚያስቀረው ልጁን አማች በማድረግ ነው። በጋብቻው ውል ላይ ከጥሎሹ ቀጥሎ የይለፍ ቃላቱ በእማኞች ፊት ይነበባሉ፤ አንባቢው ትልቁን የላቲን ፊደል ከትንሹ መለየት ይቸግረዋል፤ ሚዜዎቹም የመጨረሻው ምልክት ትእምርተ አንክሮ ነው ወይስ አንድ ቁጥር በሚል ይከራከራሉ። እንቅፋቱ አንድ ልጅ የአምስት ሱቅ ድረ ገጽ መያዙ ነው፤ አምስት ነጋዴዎች ሴት ልጆቻቸውን ለአንድ ሙሽራ መዳር ስለማይችሉ፣ አራቱ በሚወለደው ሕፃን የክርስትና አባትነት ይሻማሉ። ፍቺ የመጣ እንደሆነ ፍርድ ቤቱ ዶሜይኑን ለሚስት፣ ሆስቲንጉን ለባል ያካፍላል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አድራሻው ቤት፣ ቤቱም አድራሻ አይኖረውም።

የታሪክ ማስረጃም አይጠፋም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት በአውሮፓውያን ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበር፤ ጥበቡ በእነርሱ እጅ ብቻ መሆኑን ስለተረዱም እንዳይሄዱባቸው አጥብቀው ያዟቸው። ንጉሡ ባለሙያው ሲሄድ ሙያው አብሮ እንደሚሄድ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ የዛሬው ነጋዴ ይህን የሚረዳው የልጁ ስልክ ዝግ ሲሆን ነው።

የኢሜይል ግብይትም፣ ማለትም ለደንበኞች በጅምላ የሚላክ የሽያጭ መልእክት፣ ዕጣው ያው ነው። ጉግልና ያሁ ከጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጅምላ የሚልኩ ሁሉ መልእክቱ በእርግጥ ከእነርሱ መምጣቱን የሚያረጋግጥ ምልክት በዶሜይናቸው መዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩ ይጠይቃሉ፤ መዝገቡን የሚከፍተው ልጁ በመሆኑ፣ ለፋሲካ የተላከው የማር ማስታወቂያ በአይፈለጌ መልእክት ሳጥን ውስጥ ጾሙን ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ ስንፍና ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ የተከፈለው አንድ ጊዜ ለሠራው ሥራ ነው፣ የሰው ንግድ ዕድሜ ልኩን ሊጠብቅም አልተዋዋለም። ዶሜይን የሚታዘዘው በመዝገቡ ላይ ለሰፈረው ሰው ስለሆነ፣ ነጋዴው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ያስመዝግብ፤ የይለፍ ቃሉን ጽፎ ከንግድ ፈቃዱ ጋር ይቆልፍበት፤ የሚታደስበትን ቀን ከግብር መክፈያው ቀን ጎን ያስፍር፤ የደንበኞቹን ዝርዝር ግልባጭም በእጁ ይያዝ። ሥራው ከአንድ ከሰዓት አያልፍም፤ ሽማግሌም ድግስም አይፈልግም።