ሐተታ በእንተ ካርድ ወካርቶን

በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ ወረዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ በአንዲት ሱቅ በር ላይ ከሳሙና ካርቶን ተቀድዶ በሲባጎ የተንጠለጠለ፣ ዝናብም ጠርዙን ያወየበው ቁራጭ «ካርድ አለ» ይላል። ባለሱቁ ከጓዳ እስኪወጣ ቆሜ ስጠብቅ፣ አላፊ አግዳሚው ልብ የማይለው ይህ ቁራጭ ስለ ገዛ ወንድሙ የሚመሰክር መሆኑን አስተዋልሁ፤ ካርድና ካርቶን የአንድ አባት ልጆች ናቸውና። ለጋብቻ ሰባት ቤት ወደ ኋላ በሚቆጠርበት አገር ለእነዚህ ዘር የቆጠረላቸው አለመኖሩ አሳዘነኝ።

አባታቸው ጽርዓዊው ኻርቴስ ነው፤ ይኸውም የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት፣ ግብፃውያን ግን ይጽፉበት የነበረው የደንገል ገጽ ነው። ሮማይስጥ ካርታ አለው፤ ኢጣሊያኑ እንዳለ ያዘው፤ ፈረንሳዩ ጅራቱን ቆርጦ ካርት፣ እንግሊዙም ካርድ አለው። ደግሞ ኢጣሊያኑ ወፍራሙን ወረቀት ካርቶኔ ስላለ ካርቶን ተገኘ፤ ሠዓልያንም በዚሁ ወፍራም ወረቀት ንድፍ ይነድፉበት ነበርና ሕፃናት እህል ውሃ የሚረሱለት ካርቱን ከዚያ ተወለደ። ቻርተርም ከመሠረቱ «ትንሽ ወረቀት» ማለት ሲሆን፣ በ1983 ዓ.ም. በእኛ ዘንድ የሽግግር ቻርተር ሆኖ አገር የሚያህል ሸክም ተሸክሞ ታይቷል።

ግእዛችን ግን እነዚህን ሁሉ ሳይጠብቅ ቃሉን ክርታስ ብሎ ተቀብሎታል። ወንጌላዊው ዮሐንስም በሁለተኛው መልእክቱ፣ በቁጥር 12፣ በኻርቴስና በቀለም ከመጻፍ ይልቅ መጥቶ አፍ ለአፍ መነጋገርን እንደሚመርጥ አመልክቷል፤ የስልክ ካርድ ያልነበረበት ዘመን ነውና አይፈረድበትም።

በመካነ ኢየሱስ ካርድ ማለት አንድም የስልክ ነው፤ አንድም የሐኪም ቤት ነው፣ «ካርድ አውጣ» ሲሉት ከኪሱ የሚፈልግ የገጠር ሰው አለና፤ አንድም የተማሪ ቤት ነው፣ በሰኔ ወር ከአባት የሚሸሸግ፤ አንድም የዳኛ ነው፣ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ መታየት የጀመረው። ካርታ ግን የጨዋታ ሲሆን ይበወዛል፣ የቤት ሲሆን በብዙ ምልልስ ይወጣል፤ ሁለቱን የሚያስተካክላቸው ማን እንደሚደርሰው አስቀድሞ አለመታወቁ ነው።

ነገር ግን ከቤተሰቡ መካከል ሰርጎ የገባ ባዕድ አለ። ማመልከቻ ጸሐፊ በሁለት ወረቀት መካከል የሚያስገባው ካርቦን በስምም በሥራም ዘመድ ቢመስልም፣ ዘሩ ከሮማይስጡ ካርቦ ሲሆን ትርጓሜው ከሰል ነው፤ የጸሐፊውን ጣት ያየ ይህን አይጠራጠርም።

እዚህ ላይ ሳለሁ ባለሱቁ፣ ዕድሜው ከሃያ የማያልፍ ልጅ፣ ወጣ።

«የሃምሳ ብር ካርድ ስጠኝ» አልሁት።

«የሚፋቀው ወረቀት ቀርቷል፣ ጋሼ። ቁጥርዎን ይንገሩኝና በስልክ ልሙላልዎት።»

ወረቀት ማለት የነበረ ቃል ወረቀቱን ጥሎ ስሙን ብቻ ይዞ መቅረቱ ለሐተታዬ የማይገኝ ማስረጃ ሆነልኝና፣ ደስታዬን ደብቄ፣ «ታዲያ ይህ በር ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁ ዞሮ ቁራጩን፣ ቀጥሎም እኔን፣ በርኅራኄ ተመለከተ።

«እሱማ ካርቶን ነው» አለኝ።