ማመሳሰልና ማስመሰል

«ሁሉንም ምንጭ ከዳሽቦርዱ ጋር አገናኝተነዋል። ማመሳሰያው ሌሊት ሌሊት ራሱ ይጎትታል። አለቀ!» ይላል ባለ ላፕቶፑ። እናንተ ዙሪያውን የቆማችሁ፣ ጠጋ በሉና ስሙልኝ። አለቀ ብሏል! ገና መች ተጀመረና ጌታው? ማመሳሰልና ማስመሰል በድምፅ ቢቀራረቡ በሥራም አንድ መሰሉህ።

ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን የሪፖርት ሥርዓት በ2010 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ዘረጋ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚሞሉት ሥርዓት ደግሞ ለብቻው አለ። የመድኃኒቱም አለ፣ የላቦራቶሪውም አለ። እነዚህን ወደ አንድ የትንታኔ መድረክ ማምጣት መልካም ነው፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ጠቤ ከማገናኘቱ አይደለም፤ አገናኝቶ ከሚተኛው ጋር ነው።

እስቲ ወለቃን ውሰድ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጣ በሸክላዋ የምታውቃት ወለቃ። አንተ ታውቃታለህ፤ ማመሳሰያህ ግን ከየት አውቋት? በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ በ‹ኦ› ይጽፋታል፣ አንዱ በ‹ኢ›፣ አንዱ ‹ኤል›ን ደርቦ። ማሽንህ ሦስት ወለቃ ቆጠረ፤ ጎንደር ሳትሰማ ሰፋች! በዚያ ላይ ደቡብ ወሎ ውስጥ ወደ ዓባይ የሚገባ ወለቃ የሚባል ወንዝ አለ። በስም ብቻ ካዛመድክ የጎንደሯን ነፍሰ ጡር ወስደህ ወሎ ወንዝ ዳር ታስቀምጣታለህ። ለጤና ተቋማቱ መለያ ቁጥር የተሰጠው እኮ ለዚህ ነው። እሱን ትተህ በስም ስትገጥም፣ ወለቃ ከእጅህ ወለቀች።

ከሰፈር ወደ ዞን እንውጣ? ሰሜን ጎንደር ቀድሞ ደምቢያንም መተማንም ይዞ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ግድም ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ተብሎ ለሦስት ተከፈለ። የድሮውን ቁጥር ካሁኑ ስም ጋር ስታስረው መስመርህ ገደል ገባ። አንተ ደግሞ «ወባ ቀነሰ!» ብለህ አጨበጨብክ። ወባዋ መተማ ናት ወንድሜ፤ የተዛወረችው በወረቀት ነው!

ስለ ቀኑማ አታንሳብኝ። የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለው ጳጉሜን ውጦ 35 ቀን ይሆናል፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ደግሞ 36። ያንተ መድረክ የሚያውቀው ጃንዋሪን ነው። መስከረም ላይ ግራፉ ሽቅብ ሲዘል «ወረርሽኝ!» ብለህ አገር ታስነሣለህ። ወረርሽኝ አይደለም፤ ጳጉሜ ናት!

ሰዓቱም አልቀረልህም። እናትየዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወለደች፤ አዋላጇ መዝገቡ ላይ «2፡00» ብላ ጻፈች። ማሽንህ በፈረንጅ አነበበና ከሌሊቱ 8 ሰዓት አዋለዳት። ምጡን ስድስት ሰዓት ያሳጠርክ አዋላጅ አንተን አየሁ!

«ዳሽቦርዱ ግን ከላይ ሆኖ ሁሉን ያያል» ነው መልስህ? ራስ ዳሸን ላይ የወጣም ጉም ከተኛ ሥሩ ያለው አይታየውም። በሐምሌ 2015 መጨረሻ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ከኔትወርክ የወጣ ተቋም ሪፖርቱን በምን ይላከው? ያልደረሰ ሪፖርት ማለት የታመመ የለም ማለት አይደለም። አንተ ግን ባዶውን ሳጥን ሁሉ ዜሮ ሞላህበት። ባዶና ዜሮን ያልለየ ሰው በሒሳብ ስንት እንዳመጣ አልጠይቅም፤ ራሱ ነግሮናል።

«ሲንኩ እኮ አረንጓዴ በርቷል!» በርቶ ይደር። አረንጓዴው ጉተታው ተጠናቀቀ ይላል እንጂ ቁጥሩ ልክ ነው አይልም። ጤና ጣቢያው የኅዳርን ስሕተት ጥር ላይ ሲያርም፣ ማመሳሰያህ የአገልግሎቱን ወር እያየ አዲሱን ብቻ የሚጎትት ከሆነ እርማቷ ደጅ ታድራለች። ማየት ያለበት መረጃው የተለወጠበትን ቀን ነበር። እሺ፣ ሁሉንም እንደገና ልጎትት አልክ። አሮጌውን በመለያው ሳትተካ ከደረብክበት፣ አንዱን ሕፃን ሁለቴ ከተብከው። ሲንክ ያልከው ስንኩል ሆኖ ቀረ፤ ዳታ ያልከውም ዳጣ፣ የቀመሰው ሁሉ ያለቅሳል። የሚያለቅሰው ደግሞ አንተ አይደለህም። ክትባቱ «በቂ ነው» ተብሎ የተቀነሰባት ቀበሌ ናት።

መላው ሩቅ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ኢንፎርማቲክስ ትምህርት ክፍል አፍንጫህ ሥር ነው፤ ሄደህ ጠይቅ። ጤና ጣቢያዎችም በየወሩ ራሳቸውን የሚፈትሹበት ዘዴ አላቸው፦ 12 የመረጃ ዓይነቶች በዕጣ ያወጣሉ፣ ከመዝገቡ ይቆጥራሉ፣ ከሪፖርቱ ጋር ያስተያያሉ። አንተም 12ቱን ከስክሪንህ አንብብና ላፕቶፕህን አንጠልጥለህ ወደ ጤና ጣቢያው ሂድ። መዝገቡን ግለጥ፤ ከሞላችው ሠራተኛ ጎን ተቀመጥና አብራችሁ ቁጠሩ። ያልገጠመውን ሳትደብቅ ከዳሽቦርዱ ራስጌ ጻፈው፤ በጀት የሚመድበው ሰው ይየው።