ይድረስ ለባለ ሥጋ ቤቱ አጎቴ፦ ከጋውቾዎች አገር

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣

«የአርጀንቲና ሰዎች እውነት ከብት ያውቃሉ ወይስ ወሬ ነው?» ብለው ስለ ጠየቁኝ ይህንን ጽፌልዎታለሁ። ያውቃሉ። ከብት ማገዱንስ እኔም ከልጅነቴ ነው የማውቀው፤ የከበደኝ የሰዎቹ ሥርዓት ነው።

ያለሁበት የከብት እርባታ፣ እነሱ ኤስታንሲያ ይሉታል፣ ከቦነስ አይረስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ከሳን አንቶኒዮ ደ አሬኮ ከተማ አጠገብ ነው። ሜዳው ፓምፓ ይባላል። የመንዝ ሰው እዚህ ቢቆም ዓይኑን የሚያሳርፍበት ጉብታ እንኳ አያገኝም። ለዱቤ ደንበኞችዎ የሚሆን አገር አይደለም፤ አበዳሪ ሲመጣ ከሩቅ ስለሚታይ መሸሻ ጊዜ አለ፣ መደበቂያ ግን የለም።

ከብቱ በአብዛኛው አንገስ የሚባል ጥቁር ዝርያ ነው። ቀንድ የለውም። ሻኛም የለውም። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበቡት፣ ሻኛ የለውም! ወደ ሰሜን፣ ሙቀቱ ወደሚበረታበት፣ ዜቡ ከሚባለው ባለ ሻኛ ከብት ጋር የተዳቀለ ባለ ትንሽ ሻኛ አለ ይላሉ፤ በዚህ ይጽናኑ።

ቀኑ ጎህ ሳይቀድ በማቴ ይጀምራል። ማቴ የደረቀ ቅጠል ነው፤ በትንሽ ቅል ይሞላና ሙቅ ውኃ እየተጨመረበት በብረት መምጠጫ ይጠጣል። ውኃው ከፈላ ቅጠሉ ይበላሻል፤ ውኃ ያፈላ ሰው ደግሞ እስከ ማታ ሲታማ ይውላል። የሚቀዳው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኛ አቦሉን ለታላቅ እንሰጣለን፤ እዚህ የመጀመሪያው መራራ ስለሆነ ቀጂው ራሱ ይጠጣውና ከዚያ በኋላ ለሌላው በተራ ያዞራል። ሁሉም በዚያው በአንዱ መምጠጫ ነው፤ መጸየፍ የለም፣ መምጠጫውን ማማሰልም ነውር ነው። «አመሰግናለሁ» የሚባለው ሲበቃዎት ብቻ ነው። ባለፈው ከአውሮፓ የመጣ አንድ ጨዋ እንግዳ ገና የመጀመሪያውን ሲቀበል አመሰገነ። በቃው ብለው ዙሩን ሁሉ ዘለሉት። ሰውዬው በጨዋነቱ ተጠማ።

ከማቴ በኋላ ፈረስ ነው። ኮርቻቸው ብዙ ድርብ አለው፤ ከላይ የበግ አጎዛ ይነጠፍበታል፣ ሜዳ ላይ ከመሸ ደግሞ ያው ኮርቻ ተፈትቶ ፍራሽ ይሆናል። ሰፊ ሱሪ፣ የሸራ ጫማ፣ ቆብ፣ በወገብ ላይ መቀነት፣ ከመቀነቱ ኋላ ቢላዋ፤ ጋውቾ የሚባለው ፈረሰኛ ከብት ጠባቂ ይኸው ነው። ፈረሶቻቸው ክሪዮሾ ይባላሉ። ስለ ፈረስ ከተነሣ የማንቻና የጋቶ ታሪክ ሳይነገር አይመሽም፤ እነዚህ ሁለት ፈረሶች በ1925 እ.ኤ.አ. ከቦነስ አይረስ ተነሡ፣ ማንቻም በ1928 ኒው ዮርክ ገባ፣ ሲነሡም 15 እና 16 ዓመታቸው ነበር። አሁን ሉኻን ከተማ ሙዚየም ውስጥ ደርቀው ቆመዋል። እኛ ለአሜሪካ ዲቪ ስንሞላ ፈረስ በእግሩ መግባቱ ትንሽ ያናድዳል።

አሁን ወደ ሥጋው። እሑድ እሑድ አሳዶ የሚሉት የሥጋ ጥብስ አለ። ጎድኑ በጨው ብቻ ታሽቶ፣ በፍም ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። ነበልባል አይፈለግም፣ መቸኮል አይፈለግም፣ ምክር ደግሞ ጨርሶ አይፈለግም፤ እሳቱን የያዘው ሰው ሌላ ሰው ፍሙን በእንጨት ቢነካበት ዓይኑ ይቀላል። አንጀትና ደም የተሞላ ቋሊማ ቀድሞ ይወጣል፣ ጎድኑ ይከተላል፤ ሲያበቃ ለጠባሹ ይጨበጨብለታል። በሥጋ ቤትዎ ለቆራጭ አጨብጭቦ የሚያውቅ ሰው አለ?

እኛ ጥሬውን እንደምንበላ ስነግራቸው ዝም አሉ። ቆይቶ አለቃችን በሐዘኔታ «አገራችሁ እንጨት ጠፋ?» አለኝ። ግን ሥጋውን በጥርሴ ይዤ ከከንፈሬ ሥር በቢላዋ ስቆርጥ ሲያዩኝ ቦታ ለቀቁልኝ፤ የድሮ ጋውቾም እንዲሁ ነው የሚበላው። የእርስዎ ቤት ብርንዶ እዚህ ድረስ አስከበረኝ።

ችግሩ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አልበላም ስለው ወጥ ቤቱ ዶሮ አመጣልኝ። ዶሮም አልበላም ስለው ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ስለሌለ አዘነ፣ ቺዝ አቀረበ። የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ስነግረው አማተበና ምን አጥፍቼ እንደ ተፈረደብኝ ጠየቀኝ።

ማታ ትሩኮ የሚባል ካርታ ይጫወታሉ፤ መዋሸት የተፈቀደ ነው፣ ለጓደኛ በፊት ምልክት መስጠትም እንዲሁ። አንዱ ቅንድቡን ያነሣል፣ ሌላው ይጠቅሳል፣ ሦስተኛው አፉን ወደ ጎን ያጣምማል። ላላወቀ ሰው ቤቱን ሙሉ ምች የመታው ይመስላል።

ጋውቾዎች አሁን የተከበሩ ናቸው እንጂ ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን ጋውቾ ከአሠሪው ወረቀት ካልያዘ ቦዘኔ ተብሎ ለውትድርና ወደ ጠረፍ ምሽግ ይጋዝ ነበር። ሆሴ ኤርናንዴስ በ1872 ያሳተመው ማርቲን ፊዬሮ የተባለው ረጅም ግጥም የዚህ በደል ታሪክ ነው። ዛሬ የደራሲው የልደት ቀን፣ ኖቬምበር 10፣ የባህል ቀን ሆኖ በአሬኮ ፈረሰኛ በሰልፍ ያልፋል። ወረቀት ለጠፋው ስደተኛ የሚያጽናና ነገር ነው፤ ትንሽ ይቆያል እንጂ ሰልፍ ይደረግለታል።

በመጨረሻ፣ እጀታው ብር የሆነ አንድ የጋውቾ ቢላዋ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ልኬልዎታለሁ። እዚህ ቢላዋ በስጦታ ከተሰጠ ወዳጅነት ይቆርጣል ይላሉ፤ ስለዚህ ተቀባዩ ሳንቲም ከፍሎ የገዛ ያስመስለዋል። እባክዎ አንድ ብር ይላኩልኝ፣ ከአንድ ኪሎ ሚጥሚጣ ጋር። በዱቤ ግን አልሸጥም።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ