አራቱ ወቅቶች በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ

የአዲስ አበባን ወቅቶች ለማጥናት እንጦጦ መውጣት አያስፈልግም። የኮሪደር ልማቱ ገና ያልደረሰበት አንድ የታክሲ መያዣ አጠገብ፣ አስፋልቱ መካከል ያለው ጉድጓድ ይበቃል። በካርታ ላይ ባይሰፍርም «ጉድጓዱ ጋ ወራጅ አለ» ሲባል የማያውቀው ረዳት የለም።

ክረምት ሰኔ 26 ይገባል። ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው፣ ከ1,000 ሚሊ ሜትር ከሚበልጠው ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በዚህ ወቅት ነው፤ ጉድጓዱም ድርሻውን ያስቀራል። ጥልቀቱን የሚለኩት በሜትር ሳይሆን በቪትዝ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዕፅዋቱ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ከመጣ ወዲህ በየአፈሩ መጽደቁ የታወቀ ነው፤ አስፋልት መሃል፣ ያለ ሥር፣ ባንድ ሌሊት ቅርንጫፉን ዘርግቶ ሲቆም የታየው ግን እዚህ ነው። የሚበቅለውም መኪና በገባበት ማግስት ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ በታጣ ዓመት በቦታው ያረጀ ጎማ ይበቅላል።

መፀው መስከረም 26 ይጀምራል፤ አደይ አበባ ግን ቀኑን ሳይጠብቅ ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ ዳር ዳሩን ይይዛል። ውኃው ሲሸሽ ደለሉ ይገለጣል፦ ነጠላ ጫማ፣ የቢራ ቆርኪ፣ የአንድ መኪና የፊት ታርጋ። ዝርዝሩን ለሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ትተናል።

በበጋ፣ ጥር ላይ፣ ጉድጓዱ ይሰወራል። ለከተራ የሰፈሩ ወጣቶች ጠጠርና አፈር ይሞሉታል፤ ታቦቱ ሲያልፍም ቀይ ምንጣፍ ያለብሱታል። ታቦቱ በገባ ሰሞን ጎማ አፈሩን ጠርጎ ያወጣዋል። በፀደይ ጃካራንዳው ወይን ጠጅ አበባውን ያራግፍበታል። ያምራል፤ ሌላ የሚባል የለም።

የቀረው ስደተኛው ዝርያ ነው። ዓመቱን ሙሉ አይታይም። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ፣ በመንጋ ሆኖ፣ ከአንድ ገልባጭ መኪና ጋር ብቅ ይላል። አንዱ ይቆፍራል፤ የቀሩት አካፋቸውን ተደግፈው ያዩታል። ጥቂት ትኩስ ሬንጅ ጥለው፣ ባካፋ ጀርባ መታ መታ አድርገው ይሄዳሉ። ለምን በሰኔ? ወፎችን ለስደት የሚያነሣሣቸው የቀን ርዝመት መለዋወጥ ነው፤ ይህን ዝርያ ግን የሚያነሣሣው በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ክረምቱ ደግሞ ሰኔ 26 ገብቶ ይጠብቀዋል። ጥገናው ሲጠናቀቅ ደመናው ቀድሞ ቦታውን ይዟል፤ ሁለቱ ወገኖች ቀጠሮ ያላቸው ይመስላል።

ሳይፈታ የቆየ አንድ ክርክር አለ፤ በሐምሌ የሚከፈተው ጉድጓድ የአምናው ነው ወይስ ልጁ? ሊስትሮዎቹ «ራሱ ነው፤ አፉ እንኳ አልተለወጠም» ይላሉ። ረዳቶቹ ልጁ ነው ባይ ናቸው፤ የአምናው የሚይዘው ቪትዝ ነበር፣ ዘንድሮ ኮስተር ይዟል።