ቀበቶ እሰሩ

ቫንኩቨር፣ ኮሜርሺያል ድራይቭ አካባቢ፣ እሑድ ከሰዓት። ውጭ ዝናብ ነው። የካናዳ ጥር በሌላው ከተማ በረዶ ይሆናል፤ ቫንኩቨር ግን ሀበሻ እንዳይከፋው ብላ ይመስለኛል ክረምቱን እንደ ክረምት ታዘንበዋለች። እትዬ ቡና አቅርበዋል። ታክሲ ነጂው ጋሼ ከአየር ማረፊያ መልስ ገና መቀመጡ ነው። ፍም አይቶ ማለፍ የማይሆንለት አንድ ወዳጃችን ደግሞ ፊት ለፊቱ ተሰይሟል፤ ስሙ ይቅርና ቆስቋሹ እንበለው።

አቦል

«ጋሼ፣ ዛሬ ማንን ጭነህ ዋልክ?»

«ሁለት ሰው፣ አራት ሻንጣ። ሻንጣው ከባድ ነበር፤ ሰዎቹ ቀላል።»

«ባልና ሚስት ናቸው?»

«ባልና ባል።»

ማንኪያው ስኒው ውስጥ ቆመ።

«ታዲያ ምን አልካቸው?»

«ቀበቶ እሰሩ አልኳቸው።»

«ሌላ ምንም?»

«ሌላውን ሕጉ አያስገድደኝም።»

«የት ወሰድካቸው?»

«ዴቪ ጎዳና። ከቢዩት መንገድ ጋር የሚገናኝበት ጋ አወረድኳቸው። ከ2013 ጀምሮ ዜብራው በቀስተ ደመና ቀለም የተቀባበት ነው።»

«እኔ እዚያ ዜብራ ላይ እግሬን አላሳርፍም!»

«ቀይ መብራት ሲሆን ብቻ አታሳርፍ። ሰው የሚገጨው መኪና እንጂ ቀለም አይደለም።»

«አሁን ለመንገድ ቀለም ይሄ ሁሉ ወሬ?»

«ወሬው ከቀለሙ ይቀድማል። እዚያው ጎዳና ላይ ሊትል ሲስተርስ የሚባል፣ እንደ እነሱ ላሉ ሰዎች መጽሐፍ የሚሸጥ መጽሐፍ ቤት አለ። በ1983 ተከፈተ። ከውጭ ያስመጣውን መጽሐፍ ጉምሩክ ድንበር ላይ እየያዘ አላስገባም አለው።»

«የእኔንም በርበሬ ይዞብኛል።»

«እነሱ ክስ መሥርተው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ። ፍርድ ቤቱ በ2000 ሕጉን ከሞላ ጎደል ቢያቆየውም፣ ጉምሩክ መጽሐፍ ቤቱን ለይቶ አድልዎ ፈጽሟል ብሎ ፈረደ። አንተ ለበርበሬህ የት ድረስ ሄድክ?»

«እ... እስከ ፓርኪንጉ።»

እትዬ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያዙ። ቆስቋሹ ግን ገና ነው።

«ቆይ ጋሼ፤ ባልና ባል ያልካቸው ሽማግሌ ተላልከው ነው?»

«ሽማግሌ የላኩት ፍርድ ቤት ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2003 ‹ሰጥተናል› አለች። አገሩ በሙሉ እሺ ያለው በ2005 ነው። ፓርላማ የገባ ሽማግሌ ቶሎ አይወጣም።»

«ከሁለቱ ግን ሚስቱ የቱ ነው?»

«ነገ ወደ ዊስለር ስወስዳቸው እጠይቅልሃለሁ። እዚያ ከዊስለር ተራራ ወደ ብላክኮም ተራራ የተዘረጋ 4.4 ኪሎ ሜትር ገመድ አለ፤ ሰው በሳጥን ተቀምጦ ይሻገርበታል። አንተ እስከዚያ ከሁለቱ ተራራ ሚስቱ የቱ እንደሆነ ንገረኝ።»

ቶና

«ዊስለር ሩቅ ነው?»

«120 ኪሎ ሜትር ግድም። በግራ ባሕር፣ በቀኝ ገደል፤ ከኋላ አንተን የመሰለ ጥያቄ አብዢ ከሌለ ይደረስበታል። እንደ እነዚያ ባልና ባል ያሉት በ1992 የጀመሩት የስኪ ሳምንት እዚያ በየጥር ነው። የቫንኩቨሩ የቀስተ ደመና ሰልፋቸው ደግሞ ነሐሴ ነው።»

«ባለፈው እዚያ የወሰድካት ሴትዮ ደግሞ፣ ፓስፖርቷ ላይ የወንድ ስም ነበር አልክ።»

«ነበር። ተራራውም ድሮ ለንደን ይባል ነበር። እዚያ የሚኖር አንድ እንስሳ ሲያፏጭ ተሰማና በ1960ዎቹ ዊስለር፣ ፉጨተኛው፣ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ተራራውን ‹እውነተኛ ስምህ ማን ነው?› ያለው የለም። ስኪህን አስረህ ትወርዳለህ።»

«ጥሩ፤ ግን እኮ ማንም ቢሆን የሚሄደው ለመልክዓ ምድሩ ነው። ባሕር አለ፣ ተራራ አለ።»

«ባሕርና ተራራማ ሶቺም አላት።»

«ምን ለማለት ነው?»

«በ2010 የክረምት ኦሊምፒክ ጊዜ ዊስለር ላይ ‹ፕራይድ ሀውስ› ተከፈተ። እንደ እነዚያ ባልና ባል ላሉ አትሌቶችና እንግዶች ኦሊምፒክ ላይ ቤት ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር።»

«ሜዳሊያ አገኙበት?»

«በር አገኙበት። ለ2014ቱ ሶቺ ላይ እንድገመው ሲሉ የሩሲያ ፍርድ ቤት ከለከላቸው። እዚያም ባሕር፣ እዚያም በረዶ። እንግዳ የሚቀበለው ተራራው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ቦታ አልጋ በተነጠፈ።»

«ይሄ ‹ወዳጃዊ ከተማ› የሚሉት ታዲያ ምኑ ነው ወዳጅነቱ?»

«ሆቴል ስትገባ ‹አንድ አልጋ ወይስ ሁለት?› ብለው ይጠይቁሃል። ሁሉም ሆቴል ይጠይቃል። በአፉ ጠይቆ በቅንድቡ ካልደገመ፣ ወዳጅነቱ እሱ ነው።»

«ባንኩም ሱቁም ባንዲራቸውን ሰቅሎ የለ? እሱም ወዳጅነት ነው?»

«ሰልፉ በሚሆንበት ሰሞን ባንዲራው ስድስት ቀለም ነው። ወለዱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀለም።»

«እንዲህማ ንገረኝ! ዊስለርም እንደዚያው በላኛ።»

«ዊስለር ላይ አድልዎ የለም። የአንድ ሌሊት ሒሳብ ሲመጣ ወንዱንም ሴቱንም እኩል ያስለቅሳል።»

በረካ

ቆስቋሹ ተሸንፎ የሚወጣበት በር አጣና ወደ አገር ቤት ሮጠ።

«አገር ቤት ቢሆን ያስቀጣል!»

«ያስቀጣል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629። እነዚያ ሁለቱም ሳያነቡት አይቀሩም። ሀበሻ መሆኔን ሲያውቁ ስለ ላሊበላ ጠየቁኝ፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ ከቋጥኝ መፈልፈላቸውን ነገርኳቸው። ‹እንሂድ?› ሳይሉ ፎቶውን ብቻ አሳዩኝና ስልካቸውን ዘጉ።»

«ይቅርባቸዋ!»

«ቀረባቸው። አስጎብኚውም ቀረበት።»

«ለማንኛውም ከእኛ ውስጥ እንዲህ ያለ የለም።»

በረካውን ሲቀዱ የነበሩት እትዬ ጀበናውን ከፍ አድርገው ያዙት።

«መኖር አለመኖሩን እንዴት አወቅህ?»

«ሰምቼ አላውቅማ፣ እትዬ።»

«አንተ እንዲህ እየጮህክ ማን ይሰማሃል? አንተን ሰምተው ነው እንጂ ዝም ያሉት።»

ጋሼም ጭምር ዝም አለ። ተረብ ከእሱ አፍ ወጥቶ ሌላ ሰው ጋ ሲቀመጥ ይታወቀዋል።

«ልጄ ዴቪ ነው የሚኖረው» አሉ እትዬ፣ ስኒውን ለቆስቋሹ እያቀበሉ። «ከዚህ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጋሼህ የሚያመላልሳቸው እንግዶች ውቅያኖስ አቋርጠው በአንድ ቀን ይገባሉ።»

ቆስቋሹ ስኒውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ስኳር ሳያደርግ ነው ፉት ያለው፤ በመረረው ጊዜም አልተናገረም።

«እትዬ... ምን ብዬ ልጠይቅዎት?»

«‹ልጅዎ ደህና ነው?› በለኛ! የሌላውን ልጅ ምን ብለህ ነው የምትጠይቀው?»

«ልጅዎ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ሽሮ ናፈቀኝ ብሏል።»

እትዬ ከጓዳ አንድ ሣህን በፎጣ ጠቅልለው አመጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ጋሼ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። ቆስቋሹ ሣህኑን አየ፣ ጋሼን አየ፣ ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ሣህኑን አቀፈ።

«ሒሳብ ታስከፍለኛለህ?»

«ለሽሮው አላስከፍልም። አንተ ግን ቀበቶ እሰር።»