የቤንዚን ወገንና የባትሪ ወገን

አሮጌ ሞተር ያለው ሰው አማካሪ አያጣም። ገንዘብ የሚያበድር ጠፍቶ ያውቃል፤ ዕቃ የሚያግዝም ይጠፋል። እንቢ ባለ ሞተር ዙሪያ ቆሞ እጁን አጣምሮ «እኔን ብትሰማኝ» የሚል ሰው ግን እስካሁን ጠፍቶ አያውቅም። የእኛ ማኅበር ደግሞ አማካሪዎቹን ከውጭ አይፈልግም፤ ሁሉም አባል ነው።

ማኅበር ስል የጽዋ አይደለም፤ የጄትስኪ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምንኖር ጓደኛሞች አዋጥተን የገዛናት አንዲት ጄትስኪ፣ ማለትም የውኃ ላይ ሞተር ብስክሌት፣ አለችን። በፈረንጅ 1997 የተሠራች ናት፤ በእኛ 1989 መሆኑ ነው፤ በየትኛውም አቆጣጠር ግን አሮጊት ናት። የየትኛው ፋብሪካ ልጅ እንደሆነች አልናገርም፤ ጎኗ ላይ የነበረው ስም ተልጦ ስላለቀ እሷም አትናገርም። ባለሁለት ምት ሞተር ነው ያላት፤ ቤንዚኑንና ዘይቱን አብራ ታነዳለች፤ በተነሣች ቁጥር ዳር ቆሞ የሚሸኛትን ሁሉ በሰማያዊ ጭስ ታጥናለች። በማኅበሩ ውስጥ የእኔ ሥልጣን ገንዘብ ያዥነት ነው። ወገን የለኝም፤ ደረሰኝ ነው ያለኝ።

የምንወስዳት ወደ አና ሐይቅ ነው። አና ሐይቅ እንደ ላንጋኖ እግዜር ያስቀመጠው ሐይቅ አይደለም። በ1972 የኖርዝ አና ወንዝ ተገድቦ የተሠራ ነው፤ የተሠራውም ዳሩ ላይ ያለውን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ እንዲያቀዘቅዝ ነው። ጣቢያው ሁለት ሪአክተሮች አሉት፤ ከ1,800 ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫል። እኛ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ኃይል ፊት ለፊት ቆመን ነው 12 ቮልት ያጣነው።

ሕመሟ እንዲህ ነው። ጠዋት ላይ ትንሽ ተለምና ትነሣለች። ከዳር ቀስ ብላ ስትወጣ ጤነኛ ትመስላለች። መሐል ደርሰው የነዳጅ መስጫዋን ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ግን ትንፋሽ ያጥራታል፤ ታጉረመርማለች፤ ትጠፋለች። እንደገና ላስነሣት ሲሉ «ጠቅ!» ትላለች፤ ሌላ መልስ የላትም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሐይቅ መሐል ተቀምጦ ዓሣ ለሚያጠምድ ፈረንጅ እጅ ማውለብለብ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጄትስኪ መንዳት ይከለክላል። ይህን ሕግ ጥሰን አናውቅም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሷ ትጠልቅብናለች።

ከዚህ አንድ ሕመም ሁለት ወገን ተወለደ። የቤንዚን ወገን መሪ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ ሞተር በድምፁ እለያለሁ የሚል ጎልማሳ ነው። የባትሪ ወገን መሪ ደግሞ ድሮ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ካርቡሬተር ነው» ይላል አንደኛው። «የምትጠፋው ሲጨብጧት ነው። ቤንዚን አይደርሳትም።»

«ታዲያ ‹ጠቅ› የምትለው ምን ብላ ነው ልጄ? ቤንዚን ያነሰው ሞተር ‹ጠቅ› ሲል የት ሰማህ?»

«ባትሪ ቢሆን ኖሮ ጠዋት መች ትነሣ ነበር?»

«ካርቡሬተር ቢሆን ኖሮ ማታስ ለምን እንቢ ትላለች?»

ክርክሩ እዚያው ሐይቅ ዳር ቢያልቅ ደግ ነበር። ነገር ግን የሁለቱም ወገን ክርክር የሚያልቀው ግዢ ላይ ነው። የቤንዚን ወገን ካንዴላ አስገዛ፤ የባትሪ ወገን አዲስ ባትሪ አስገዛ። ካንዴላው ሳይጠቅም ሲቀር ለፓምፕ ተጠየቅሁ፤ ባትሪው ሳይጠቅም ሲቀር ሞተሩን ለሚያስነሣው ሞተሪኖ። አሮጊቷ በአዳዲስ ዕቃ አጊጣ መሐል ሐይቅ ላይ እንደ ቀድሞዋ ትቆማለች። በመጨረሻ ካዝናው ሲራቆት ገንዘብ ያዡ ቮልት የሚለካ ቴስተር ገዛ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የረከሰው እሱ ነው፤ ግምት የማይሰጠውም እሱ ብቻ ነው።

ምርመራው በገመዱ ተጀመረ። ነጂው ከሰውነቱ ጋር የሚያስረው ቀይ ገመድ አለ፤ ሰውየው ውኃ ውስጥ ከወደቀ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋል። ሞተዋል ከተባሉት ጄትስኪዎች መካከል ስንቷ ገመዷን በደንብ የሚሰካላት አጥታ ነው! የእኛ ገመድ ተሰክቷል። ቀጥሎ ወንበሩ ተነሣና ሆዷ አየር አገኘ። በዚህ ላይ ሁለቱ ወገኖች ያለ ሽማግሌ ተስማሙ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ካገኘችው የሚቀጥለው ክርክር ሆስፒታል ነው።

ከዚያ ቴስተሩ ባትሪው ላይ አረፈ፤ 12.6 ቮልት። ጤነኛ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የቤንዚን ወገን ፊቱ በራ። ጋሼ ግን አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ እርቃን ብረት ላይ አስነክተው «በል ተጫን» አሉ። ሞተሪኖው ሲታዘዝ በእነዚህ በሁለቱ ነጥቦች መካከል የሚታየው ቮልት ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ግማሽ ቮልት እንኳ በዛ ይባላል። የእኛ ከ2 አለፈ። ኃይሉ ከባትሪው ይነሣል፤ ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይበላል ማለት ነው። መንገዱ ደግሞ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጥቁር ወፍራም ገመድ ነው። ከላይ ሲታይ ነውር የለበትም። ጫፉ ላይ ላስቲኩ በቢላ ሲገፈፍ ግን መዳቡ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ተለውጧል፤ ክሮቹ በጣት ሲነኳቸው ይረግፋሉ። ጠዋት በቀሩት ጥቂት ክሮች እንደምንም ያሳልፋል፤ ደጋግመው ሲያስነሡ ሲግል ግን በሩን ይዘጋል። ጋሼ አልጮኹም። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ «አላልኩም?» ብቻ አሉ።

የቤንዚን ወገን መሪ በዚህ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ካቻቢቴውን አንሥቶ ካርቡሬተሩን አወረደ። ውስጡ ጥፍር የምታህል ወንፊት አለች፤ ቤንዚን ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። ወንፊቷ አትታይም። የላይዋን ሽፋን ሲያነሣው ከአንድ ሳምንት በላይ የተረሳ የጎመን ወጥ የመሰለ አረንጓዴ ዝቃጭ ተኝቶባታል። ከየት መጣ? ከራሱ ከቤንዚን ቱቦው። በዚያ ዘመን የተገጠመው ግራጫ ቱቦ ሲያረጅ ከውስጥ እየሟሟ ወደ ካርቡሬተር ይወርዳል። የአሜሪካ ቤንዚን ደግሞ አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል እርጥበት ይስባል፣ ያረጀ ጎማም አይወደውም። ቀስ ብላ ስትሄድ የሚያስፈልጋት ቤንዚን ጥቂት ስለሆነ በዝቃጩ መሐል ተንጠባጥቦ ይበቃታል። ሲጨብጧት ብዙ ትጠይቃለች፤ ወንፊቷ የምትሰጣት የላትም። ይህን ቀላል ነገር ነው ብሎ በግድ መንዳት ክፉ ነው፤ ባለሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲያንሰው ከልክ በላይ ይግላል፤ የጋለ ፒስተን ይበሳል። ያኔ ቴስተርም ጸሎትም አያድንም።

ይኸው ሁለቱም ወገን ልክ ሆነ፤ ሁለቱም ያገኙት ማስረጃ አረንጓዴ ነው። የሚገርመው ሕመሞቹ ተባባሪዎች መሆናቸው ነው። ቤንዚን ሲያጥራት ትጠፋለች፤ ስትጠፋ ደጋግመን እናስነሣለን፤ ደጋግመን ስናስነሣ የተበላው ገመድ ይግላል፤ ሲግል ሞተሪኖው ይንቀራፈፋል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የካንዴላው ብልጭታ ይደክማል፤ ያልነደደው ቤንዚን ካንዴላውን ያርሰዋል። አንዱ ወገን አሸንፎ የራሱን ብቻ ጠግኖ ቢሆን ኖሮ ሌላው ሕመም ምስክር ሆኖ ይቀርብበት ነበር። እኔ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት በገንዘብ ያዥ አንደበት ሲነገር አጭር ነው፤ መጀመሪያ ለካ፣ ቀጥሎ ክፈት፣ መጨረሻ ግዛ። አገር ቤትም እዚህም የምናየው ጠብ አብዛኛው ይህን ተራ ገልብጦ የመጣ ነው።

ጥገናው ራሱ ብዙ አላስወጣም። አዲስ ጥቁር ገመድ፣ ለቤንዚን የተሠራ ጥቁር ጎማ ቱቦ፣ የጸዳ ካርቡሬተር። ጥቂት ክርክር የተረፈው ግቢ ውስጥ በውኃ ጎማ ስንሞክራት ነው። ደንቡ ሞተሩ ቀድሞ ይነሣል፣ ውኃው ይከተላል፤ ሲያበቃ ውኃው ቀድሞ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይከተላል። ይህ ተራ ከተዛባ ውኃ በጭስ ማውጫው በኩል ዞሮ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ሞተሩን አንድ ወገን፣ ውኃውን ሌላ ወገን እንዲይዝ ተደርጎ ሥልጣን ተከፋፈሉ፤ ሰላም ሆነ።

ሰላሙ ግን አሰልቺ ሆነ። ሐይቁ ላይ እየበረረች ትሄዳለች፣ እየበረረች ትመለሳለች። ተራ የሚጠብቁት ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጥብሳቸውን ዝም ብለው ይበላሉ። «ደህና ናት?» «ደህና ናት።» ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? አንድ አባል ጨዋታ ጠፋ ብሎ ፌስታል ሙሉ ቆሎ ይዞ መምጣት ጀምሯል።

ያዳነን እሷን የምንጭንበት ተጎታች ነው። ማምሻውን ወደ ቤት ስንመለስ ፖሊስ አስቁሞ የተጎታቹ የግራ የኋላ መብራት እንደማይበራ ነገረን። ጋሼ ቴስተሩን ይዘው ከመኪናው ለመውረድ የፈጠኑት ፍጥነት ስለ ጉልበታቸው ለሐኪም የነገሩትን ለሰማ ሰው አይታመንም። «ኔጌቲቩ ነው፤ ብሎኑ ዝጓል» አሉ ገና ሳይነኩት። የቤንዚን ወገን መሪም ወርዶ ተጎታቹን ዞረው፤ ሥሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ታንከር የለውም፤ ቱቦ የለውም፤ ካርቡሬተር የለውም። ቀና ብሎ እጁን አራገፈና በክብር «በዚህኛው ድምፀ ተአቅቦ አድርጌያለሁ» አለ። በማኅበራችን ታሪክ የመጀመሪያው ድምፀ ተአቅቦ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል።